ሳይላክ የቀረው ሰላምታ

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሬዲዮው ስለ ባሕር ወሰን ማውራት ሲጀምር ተነሥተው ያጠፉታል።

«አባባ፣ ዜናውን እንስማ እንጂ!» አለቻቸው ልጃቸው አልጋነሽ።

«ዜናውን እኔ ልንገርሽ» አሏት። አቶ ተስፋልደት ይባላሉ፤ በጉብዝናቸው ዘመን የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ።

ወይ ያ ዘመን! ጠብታ የሚጠጣ ውኃ የሌላት አንዲት ደሴት ነበረች። የእነ ተስፋልደት መርከብ ከወዲህ፣ የጎረቤት አገር መርከብ ከወዲያ ይጠብቋታል። ጥበቃ ይባል እንጂ ነገሩ ጉርብትና ነበር። እነዚህ ዳቦ ቆሎ ይሰጣሉ፤ እነዚያ ተምር ይመልሳሉ። በዚያኛው መርከብ ላይ ኢድሪስ የሚባል መርከበኛ ነበር። የሁለቱም ሥራ በመብራት ብልጭታ መልእክት መላክ ነው። ኢድሪስ ታዲያ ሁልጊዜ ሲጀምር «ወንድሜ ተስፋ፣ እንዴት አደርክ?» ይላል።

«ፀሐይ ከባሕሩ ስትወጣ የእሱ ሰላምታ አብራ ትወጣ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ፈገግ ብለው።

አንድ ቀን የአንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ተቆረጠ። ማን ቆረጠው? እግዜር ይወቅ። አጥማጁ «የማዶዎቹ ናቸው» ብሎ ለእነ ተስፋልደት አቤት አለ፤ የእነ ተስፋልደት መርከብ ከማዶ የመጣች አንዲት ጀልባ ይዛ ጎተተች። የእነ ኢድሪስ መርከብ ጀልባዋን ልታስመልስ ደረሰች። ሁለቱ መርከቦች ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«እነሱ ቀድመው ይመለሱ» አለ የእነ ተስፋልደት አዛዥ። የዚያኛውስ አዛዥ ምን ያለ ይመስላችኋል? ያንኑ!

ሦስት ቀን ቆሙ። በሦስተኛው ቀን መረቡን የሚያስታውስ አልነበረም፤ ነገሩ የአገር ክብር ሆኗል። በሁለቱም ከተሞች ባሕር አይቶ የማያውቅ ሁሉ ይፎክራል። አዛዡ ተስፋልደትን «‹ተመለሱ፣ አለዚያ እንተኩሳለን› ብለህ ላክ» አላቸው። ላኩ። መልስ መጣ፤ «እናንተ ተመለሱ»። የኢድሪስ እጅ ነው፤ ብልጭታውን ያውቁታል። ሰላምታ ግን የለውም።

«ጣቴ መብራቱ ላይ ነበር» አሉ። «‹ኢድሪስ፣ ደህና ነህ?› ልለው ፈለግሁ። አዛዡን ፈራሁና ተውኩት።»

ከሰዓት በኋላ መድፍ ጮኸ። ማን እንደ ጀመረው ዛሬም አይታወቅም። የእነ ኢድሪስ መርከብ ሰጠመች። ጦርነቱ ከባሕር ወደ የብስ ወጣ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው በላ። ደሴቲቱስ? እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልሰፈረባትም።

«አንዲት ሰላምታ ጦርነቱን ላታስቀረው ትችላለች» አሉ አቶ ተስፋልደት። «ግን ወንድሜ እንደ ጠላሁት እያሰበ ሞተ።»

ወገኖቼ፣ እናንተስ? መርከብ የላችሁም፤ መድፍም የላችሁም። አጥር ግን አላችሁ። የውርስ ቤት አላችሁ። «እሱ ቀድሞ ይምጣ» ብላችሁ ከቆማችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው? ያ ሰውም እኮ እንዲሁ ብሎ ቆሟል! ድሮ በዓል በመጣ ቁጥር በግ አብራችሁ ታርዱ አልነበረም? ዛሬ ልጆቻችሁ መንገድ ላይ ቢገናኙ ይተዋወቃሉ?

ስብከቴን ጨርሻለሁ፤ አሁን የመዝሙር ሰዓት ደርሷል። ግን ተኳርፎት ሊደውልለት የሚገባ ሰው ያለው፣ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ይውጣ።

ሂዱ። እንጠብቃችኋለን።