ቀይ መሆን የነበረበት አረንጓዴ

በአንድ ወቅት፣ የአንጎልን ካርታ በቀለም የሚሥል ኮምፒውተር ወደ አንድ ሆስፒታል በገባበት ዓመት፣ በዳዳ የሚባል የመናኸሪያ ጠሪ አንጎሉ ውስጥ እጢ ተገኘበት። በዳዳ ሃያ ዓመት ሙሉ «ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ጅማ» እያለ አውቶቡስ ሲያስሞላ የኖረ ሰው ነው። እጢው ያለው ከንግግር ቦታው አጠገብ ነበር። ቢላዋው ትንሽ ከሳተ ድምፁ ይጠፋል።

ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን የአንጎል ክፍል በቁጥር ያውቀዋል። የትኛው ቁጥር የትኛውን ቀለም እንደሚለብስ የሚነግረው ግን ሰው ነው። ሠንጠረዡን የሞላው ምንያህል የሚባል ባለሙያ ነበር። ቀይ ከሆነ አይነካም፤ አረንጓዴ ከሆነ ቢላዋ ያልፍበታል። የበዳዳ ካርታ ሲወጣ ከእጢው ጎን ያለው ቦታ አረንጓዴ ሆነ። የቀዶ ሕክምናው ኃላፊ ዶክተር አርአያ «በዚህ እንገባለን» አሉ።

መጀመሪያ እንቢ ያለችው የበዳዳ ልጅ ጫልቱ ናት። የፈቃድ ወረቀቱን ሲሰጧት እስክሪብቶውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባቴ ሲጣራ የትኛው ቦታ እንደሚሠራ ሳላይ አልፈርምም።»

«ካርታው አለ እኮ፣ እህቴ።»

«ካርታው የአባቴን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።»

ስለ አንጎል የምታውቀው ነገር የለም። ግን ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ አልተነሳችም። በመጨረሻ በዳዳን መልሰው አንጎል በሚያነሳው ማሽን ውስጥ አስገቡትና «ጋሼ፣ ከተሞቹን በልብዎ ይጥሩ» አሉት። እሱ ጮክ ብሎ ጠራ፤ ጭንቅላቱ ሲንቀሳቀስም ሥዕሉ ተበላሸ።

«በልቤ ብጠራ ማን ይሳፈራል?» አለ። በሁለተኛው ተሳካ፤ ጫልቱም የበራውን ቦታ አይታ፣ ከካርታው ጋር ያስተያዩታል ብላ ፈረመች።

ሁለተኛዋ ነርስ ውድነሽ ናት። በዳዳ በልቡ ሲጣራ የበራው ቦታ ያው አረንጓዴው መሆኑን አየችና ለዶክተሩ ነገረቻቸው።

«ተንቀሳቅሶ ይሆናል። አንቺ አልጋውን ግፊ» አሏት።

ውድነሽ የአልጋውን ጎማ በእግሯ ቆለፈች። «አልገፋም።»

«ከሥራ ትባረሪያለሽ።»

«እሺ። ሌላ ገፊ እስኪመጣ ግን እዚሁ ነኝ።»

ካርታው ለምን እንደተሳሳተ አታውቅም ነበር። ሆኖም ከአልጋው የሚያላቅቃት ሰው አልተገኘም።

ሦስተኛው ራሱ ምንያህል ነው። ጭቅጭቁን ሰምቶ ሠንጠረዡን ከፈተና ስህተቱን አገኘ። እሱ ከአንድ ጀምሮ ቆጥሯል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የጎረቤቱን ቀለም ለብሷል። አብሮት የሚሠራው ሰው «ዝም ብለህ አስተካክለው፤ ማን ያያል?» አለው። እውነት ነው፣ ማንም አያይም ነበር። ግን ውድነሽ እንደ ዋሾ ትባረራለች፤ ካርታቸው ታትሞ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች አራት ሕሙማንም አሉ። ምንያህል እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ድረስ ሄደ።

«ካርታው ውሸት ነው። የሞላሁት እኔ ነኝ። በእሱ ማንንም እንዳትነኩ» አለ በሁሉም ፊት። በዚያው ቀን ከሥራ ታገደ።

ለበዳዳ በሌላ በኩል ገብተው እጢውን አወጡለት። ድምፁ ተረፈ። መናኸሪያው በተመለሰበት ጠዋት ሦስቱም ሊያዩት መጡ።

«ድምፄን ያተረፈውን ሰው ስም በየማለዳው ከከተሞቹ በፊት እጠራለሁ» አላቸው።

«የሦስታችንንም ጥራ፣ አባዬ» አለች ጫልቱ።

«ሦስት ከተማ አንድ ላይ ከተጠራ ማንም አይሳፈርም። አንድ ስም ነው።»

አንዳቸውም ወደ ኋላ አላሉም።

«እኔ ዝም ብዬ ፈርሜ ቢሆን የምታዩት ነገር አልነበረም» አለች ጫልቱ።

«እኔ ብገፋው ኖሮ ምንያህል ሠንጠረዡን ሳይከፍት ቢላዋው ገብቶ ነበር» አለች ውድነሽ።

«እናንተ አዘገያችሁት እንጂ አላዳናችሁትም» አለ ምንያህል። «በማግስቱ ሌላ ሰው ይገፋው ነበር።»

«ቀለሙን ያሳሳትከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችው ውድነሽ።

«ነኝ። እውነቱን መናገር ከሁላችሁም ይልቅ የከበደኝ ለዚህ ነው።»

በዳዳ ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። የወሊሶው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ታሪኩን የነገርኳችሁ እኔ ደጋግሜ አስቤ መቁረጥ አቃተኝ፤ እናንተ ግን ዝም እንዳትሉኝ። የማንን ስም ይጥራ?