የሊፕስቲክ ቀፎ የለበሰው ጊታር

ወገኖቼ፣ ሰባኪ መማል እንደሌለበት አውቃለሁ። አልምልም። ነገር ግን መማል ቢፈቀድልኝ ኖሮ፣ ይህ ታሪክ አንድ ቃል ያልተጨመረበት፣ አንድ ቃል ያልተቀነሰበት፣ ንጹሕ እውነት ነው ብዬ እምል ነበር። በዓይኔ ያየሁት ነው። በእነዚህ ጆሮዎቼ የሰማሁት ነው። እንኳን እኔ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ራሱ አፍ ቢኖረው እንደዚሁ አድርጎ ነበር የሚነግራችሁ፤ ምናልባት እንደ እኔ ባያሳምረው ነው እንጂ።

አንድ ሰው ነበረ። ከዓሣ ገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ የቆርቆሮ በር ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተቃጠለ ሞተር የሚፈታ ሰው። የውሃ ፓምፕ ይመጣለታል፣ የወፍጮ ሞተር ይመጣለታል። የነደደውን ሽቦ አውጥቶ ይጥላል፣ አዲስ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማል። ሥራው ይኸው ነው። ማዞርና መቁጠር፣ ማዞርና መቁጠር። ስሙ ዳንጊሶ ይባላል፤ እንደ መዳፌ ነው የማውቀው።

እሑድ ሲሆን ግን ያ ሰው ጊታር ያነሣል። የመዘምራኑ ሊድ ጊታር ተጫዋች ነው። እንዴት ያለ ተጫዋች መሰላችሁ! ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ብትዞሩ እሱን የሚያክል አታገኙም። እኔ ዞሬያለሁ።

ሚስቱ ዘርፌ ደግሞ ትዘምር ነበር። ልብ በሉ፣ «ነበር» ነው ያልኩት።

ምን ሆነች? አንድ እሑድ ከአክስቷ ልጅ ሠርግ በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤት መጣች። ሰዓቱ ደርሶ፣ ጉባኤው ተነሥቶ፣ ተቻኩላ መድረክ ላይ ወጣች። ከንፈሯ ላይ ሚዜዎቹ የቀቧት የራሷ ሊፕስቲክ ነበረ። ቀይ። የበሰለ በርበሬ የመሰለ ቀይ! ከኋላ በር የቆመ ሰው ሳይቀር የሚያየው ቀይ!

ጋሽ ሃሜሶ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ናቸው። አዩ። ከጉባኤው በኋላ አስጠሯት።

«የዘማሪ ከንፈር በመዝሙር ነው የሚያምረው፣ ልጄ፣» አሏት። «ሦስት ወር ከአገልግሎት ዕረፊ።»

ሦስት ወር። ብዙ ነው? ብዙ አይደለም። ዘርፌም አላጉረመረመችም። ከመድረክ ወርዳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን አንድ ሥርዓት አለ፣ ወገኖቼ። የታገደ ሰው ጊዜው ሲሞላ ብድግ ብሎ አይመለስም። ሽማግሌ ከመድረክ ስሙን ይጠራዋል፤ «እገሌ፣ ተመለስ፣» ይለዋል፤ ያኔ ይመለሳል። ስሙ ካልተጠራ እንደታገደ ነው።

ሦስት ወሩ ሞላ። ስሟ አልተጠራም። ስድስት ወር ሆነ። ስሟ አልተጠራም። ዓመት ሆነ።

ጋሽ ሃሜሶ ክፉ ሰው ነበሩ? በፍጹም! ረሱ። በቃ፣ ረሱ። ማገዱን ያስታወሱ ሰው መመለሱን ረሱት። እናንተ ረስታችሁ አታውቁም?

ዳንጊሶን የጎዳው ግን የወንበሩ ነገር አልነበረም። ቤት ውስጥ ነው የጎዳው። ዘርፌ ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር፤ ቀረ። ጎመን ስትከትፍ ታንጎራጉር ነበር፤ ቀረ። ሰውየው ሽቦ እየጠመጠመ ጆሮውን ወደ ጓሮ ይጥላል። የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ የቢላ ድምፅ ይሰማል። የእሷ የለም። ቁጥሩ ይጠፋበታል፤ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል።

«ሄጄ ለጋሽ ሃሜሶ ላስታውሳቸው፣» አላት አንድ ቀን።

«እንዳታደርገው።»

«ለምን? አንድ ቃል እኮ ነው።»

«አንተ ለምነህ ካስጠራኸኝ፣ የጠራኸኝ አንተ ነህ። አንተማ ቤትም ትጠራኛለህ።»

ወደ ሽቦው ተመለሰ።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ጉባኤ እንዴት የአንዲት ሴት ድምፅ መጉደሉን አላወቀም? እነግራችኋለሁ። ጩኸት ነዋ! ግራና ቀኝ ሰው የሚያክል የሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ቆሟል። ከበሮው ይደበድባል፣ ቤዝ ጊታሩ ሆድ ያንቀጠቅጣል። የዳንጊሶ ጊታርማ ጣሪያ ይበሳ ነበር። አንድ ጊዜ በዚያ ጊታር ድምፅ የሦስት ቤት መስኮት ሲረግፍ አይቻለሁ። እሺ፣ የሁለት ቤት። በእንዲህ ያለ ጩኸት ውስጥ ማን ምን ጎደለ ብሎ ይጠይቃል?

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጊታሩ ዝም አለ።

ከጊታር ክሮች ሥር አንዲት ነገር አለች። ሙዚቀኞቹ ፒክአፕ ይሏታል፤ እኔ የጊታር ጆሮ እላታለሁ። ማግኔት ናት፤ በላይዋ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞባታል። ክሩ ሲንቀጠቀጥ የምትሰማው እሷ ናት፤ ሰምታ ለአምፕሊፋየሩ ትነግረዋለች። የዳንጊሶ ጊታር ጆሮ ላብ ጠጥታ፣ ዝጋ፣ ሽቦዋ ተበጥሷል።

አዲስ የሚሸጥበት የለም። ግን ሰውየው ምን ነበር ሥራው? ማዞርና መቁጠር! አንዲት ቀጭን ማግኔት ፈለገ፣ ያለውን ቀጭን ሽቦ ሁሉ ሰብስቦ ይጠመጥም ጀመር። አምስት ሺህ ዙር! አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ። ሲጨርስ ግን የሚያለብሳት አጣ። ጠባብ፣ ድፍን፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ልብስ ያስፈልጋት ነበር።

ወደ ቤት ገባ። «ዘርፌ፣ ያ ሊፕስቲክሽ አለ?»

ቀና ብላ አየችው። «ምነው፣ ልትቀባ ነው?»

«ቀፎውን ነው የፈለግኩት። ሁለት ካለሽ ሁለቱንም።»

«ለምንህ?»

«ለጊታሩ።»

«እሱንም ሊያግዱት?» አለችና ሳቀች። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። ከመሳቢያ ውስጥ ሁለቱን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

ቀለሙን ጠርጎ አወጣ። ሽቦዋን አንዱ ቀፎ ውስጥ አስገባ፣ ሌላውን ቀፎ በላይዋ አፍ ለአፍ ገጠመው። ከክሮቹ ሥር አስተኛት። አዲስ እንደ ተወለደ ሕፃን በብር ጨርቅ ተጠቅልላ ታበራለች።

ከዚያ አንድ ክር ነካ።

ወገኖቼ፣ ያን ድምፅ በምን ልንገራችሁ? ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ጉም ገና ከውሃው ላይ ሳይነሣ፣ ዓሣ አጥማጁ ከወዲያ ማዶ በታንኳው ላይ ሆኖ ለጓደኛው አንድ ነገር ሲለው? ይርቃል፣ ቀጭን ነው፤ ግን ውሃው አንጥሮ፣ አጥቦ፣ ጆሯችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል። ያ ነው። ብርጭቆ ነው፤ ግን የማይሰበር። ብርሃን ነው፤ ግን የሚሰማ። ስድስቱም ክሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስማቸውን እየተናገሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ ያልፋሉ። ዳንጊሶ ዓይኑን ጨፈነ። የቆርቆሮው በር ጠፋ፣ የሞተሩ ክምር ጠፋ። ውሃ ላይ ተኝቶ የሚንሳፈፍ መሰለው።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ድምፁ ደካማ ነው። ቢያጎላውም አይጮህም። ለመጮህ አልተፈጠረም።

እሑድ ሆነ። መዝሙሩ ተጀመረ። ዳንጊሶ ይጫወታል፣ አይሰማም። አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ አይሰማም።

ከበሮ መቺው ዘንበል ብሎ፣ «ምነው ዳንጊሶ፣ ጊታርህ ጾም ያዘ እንዴ?» አለው።

እና ዳንጊሶ ምን አለ? «እኔን ጨምር አትበለኝ፤ አንተ ቀንስልኝ፣» አለው።

ከበሮ መቺው ዱላውን አስቀምጦ በጣቱ ጫፍ ይመታ ጀመር። ቤዙ ዝቅ አለ። መዘምራኑ ዝቅ አሉ። ጉባኤው ዝቅ አለ። ሁለት ሺህ ሰው ትንፋሹን ያዘ! ሐይቁ ቆመ፤ በእውነት እላችኋለሁ፣ አንዲት ማዕበል አልነበረችም። ደጅ ዛፉ ላይ የሰፈሩት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ረጅም አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አጎነበሱ። ቆሮሶ ዓሣዎች ከውሃው ራሳቸውን ብቅ አድርገው አዳመጡ፤ ያጠመዳቸው ሰው ነግሮኛል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰዉ ሁሉ አንድ ነገር ሰማ። ጉድለቱን ሰማ! በመዝሙሩ መካከል አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ አንድ ሰው ተነሥቶ የሄደበት ወንበር የመሰለ። ያኔ ከመጨረሻው ወንበር፣ በጣም ዝግ ብሎ፣ ያንን ቦታ የሚሞላ ማንጎራጎር መጣ።

ጋሽ ሃሜሶ ቀና አሉ። «ይህ የማን ድምፅ ነው?»

«የዘርፌ ነው፣» አላቸው አጠገባቸው ያለው።

«የት ከርማ ነው?»

«እርስዎ አግደዋት፣ ጋሼ።»

«ለሦስት ወር እኮ ነው!»

«ዓመት አለፈው።»

ሽማግሌው ተነሡ። መድረክ ላይ ወጡ። እንባቸው ወርዶ ጫማቸውን ሞላው። «ዘርፌ!» አሉ። «ዘርፌ! ዘርፌ፣ ተመለሽ!» ሦስት ጊዜ፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ። እሷም መጣች፤ ባሏ ጎን ቆመች፤ ዘመረች። ጋሽ ሃሜሶ ያን የብር ነገር እያዩ ምን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ «የሚስቴ ሊፕስቲክ ነው፣» ተባሉ። ያገዱት ነገር ነው የጠራት!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተስ? በቤታችሁ የማን ድምፅ ጎድሏል? ልብስ ስታጥብ ማንጎራጎር የተወች የለችም? ከጠረጴዛችሁ ላይ ዝም ያለ ልጅ የለም? ማንን ነው «ሦስት ወር» ብላችሁ ዓመት ያስቀመጣችሁት? ክፉዎች ሆናችሁ አይደለም፤ አውቃለሁ። ረስታችሁ ነው። ጩኸታችሁ በዝቶ ነው። የተቀየመ እየጠበቀ ነው፣ ወገኖቼ። ስሙ እንዲጠራ እየጠበቀ ነው። ለምኖ አይመጣም።

ጨምሩ አልላችሁም። ቀንሱ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሬዲዮኑን ቀንሱ፣ ራሳችሁን ቀንሱ፣ ከዚያ የጎደለውን አድምጡ። ስሙንም ጥሩት። የአንድ ሰው ስም መጥራት ምን ያስከፍላችኋል?

እስቲ እዚህ መካከል እንኳ፣ ከጎናችሁ ያለውን ሰው...

ማን ነው እጁን ያነሣው? እዚያ፣ ከምሰሶው አጠገብ። ተነሺ እህቴ። ምስክርነት ነው? ማይክ ስጧት። አትፈልግም? እሺ፣ ዝም በሉና እንስማት።

«ይቅርታ ፓስተር፤ ላቋርጥዎት ብዬ አይደለም። ታሪኩ ደስ ይላል። እኔም ስሰማው ደስ አለኝ። ግን እንደዚያ አልሆነም።

ቀፎው እውነት ነው። ሌላው ግን አልነበረም። ጊታሩ አይሰማም ተባለና በመጀመሪያው መዝሙር መካከል ገመዱ ተነቀለ። ዳንጊሶ ያን ቀን እስከ መጨረሻው ጣቶቹን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ነበር። የቀነሰለት ሰው የለም። እኔም አላንጎራጎርኩም። ጋሽ ሃሜሶ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሳይጠሩኝ አረፉ።

ከሐዋሳ ወደዚህ ከተማ ከመጣን ስድስት ዓመታችን ነው። ባለቤቴ ዛሬ ፓምፕ ተበላሽቶ ተጠርቶ ነው እንጂ ሁልጊዜ አብረን ነው የምንቀመጠው፣ እዚሁ ምሰሶው ጋ። ትዘምሪያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም ‹ስሜ ስላልተጠራ ገና አልተመለስኩም› ነበር የምለው።

ስሜን ከመድረክ ሲጠራ የሰማሁት ዛሬ ነው፣ ከእርስዎ አፍ፤ ‹ዘርፌ፣ ተመለሽ› ሲሉ። ለታሪኩ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል።

እና ልጠይቅዎት ብዬ ነው የተነሣሁት። ይቆጠርልኛል?»