የማዘንጊያ አውራ ጣት

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
«ላሟስ የማን ናት?»
«የጎረቤት!»

እንግዲህ ላሟ የጎረቤት መሆኗን ካወቃችሁ፣ የተረቱን ግማሽ አወቃችሁ። ቀረብ በሉ። አንተ፣ እግርህን ሰብስብ፤ ሌላም ሰው ይቀመጣል።

በድሮ ዘመን፣ ሰው በአሞሌ ጨው በሚገበያይበት ዘመን፣ ጎሽ ውሃ የምትባል ከተማ ነበረች። ከላይ ደብሩ፣ ከታች ገበያው፣ በመሃል ሸማኔውና ነጋዴው አጥር ለአጥር ተያይዞ ይኖር ነበር። በዚያች ከተማ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛዋ ደብሪቱ ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ግን ሀብታም ናት። ጎተራዋ ሙሉ፣ በቅሎዋ ሰጋር። ሁለተኛዋ ማዘንጊያ ትባላለች። እሷም ባሏ ሞቶባታል። ጥጥ ፈትላ ታድራለች፤ ውቢት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ቤቷ ዘመም ያለ ነው። ግን ሰው አላት።

ምን ዓይነት ሰው አትሉኝም? የክርስትና ልጆች አሏት። የማኅበር እህቶች አሏት። ከሁሉም በላይ የጡት ልጆች አሏት። የጡት ልጅ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ዘመድ የሌለው ሰው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እናት ትሁነኝ ያላት ሴት ዘንድ ይሄዳል። እሷም አውራ ጣቷን ማር ትነክርና ታጠባዋለች። ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው። ሲታመም ታስታምመዋለች፣ ስትሞት ይቀብራታል። ማዘንጊያ እንዲህ ያሉ ሰባት ልጆች ነበሯት። ሰባተኛው ዳምጤ የሚባል ቀጥቃጭ ነው። ጢሙ ሁልጊዜ በፍም ብልጭታ የተለበለበ ነው።

ደብሪቱ ታዲያ ትቀና ነበር። በላሟ ቢሆን ደግ፣ በሰዋ ነው የቀናችው። አንድ ጊዜ ደብሪቱን ሳል ያዛትና ሦስት ሳምንት ተኛች። ማንም አልመጣ። አገልጋይዋ ብቻ ውሃ ታቀብላታለች። በዚያው ሰሞን ማዘንጊያን እንቅፋት መታት። የእግሯ ጥፍር ተነቀለ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነች። ከተማው ጎረፈ! አንዱ ቅቤ ይዞ፣ አንዱ ዶሮ ይዞ፣ አንዷ እያለቀሰች። ደብሪቱ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች አለች፦
«ለጥፍር! ለአንዲት ጥፍር!»

ለምን ሄዳ ጣቷን አልጠባችም ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ብላ! በዕድሜ ትበልጣታለች፣ በሀብት ትበልጣታለች። እሜቴ ደብሪቱ የፈታይ ጣት ጠባች ይባል? ከዚያ ሞት ይሻላታል።

ከዚያም ውቢት ታጨች። ያጫት ሰርፀ የሚባል የጨው ነጋዴ ልጅ ነው። ወገኑ ሰፈር ሙሉ ነው። ውቢትና ሰርፀም ይዋደዳሉ፤ ገበያ ላይ በዓይን ሲፈላለጉ ያላየ የለም። ደብሪቱ ይህን ሰማች።
«ጭራሽ ሌላ ሰው ሊጨመርላት!» አለች። «ከእንግዲህ በጎሽ ውሃ ከእኔ በቀር ዘመዷ ያልሆነ ማን ሊቀር ነው?»

በዚያ ዘመን ዝም ብሎ መጋባት የለም። ሰባት ቤት ይቆጠራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሁለቱም ወገን በደጀ ሰላሙ ይሰበሰባል። ዘር ቆጣሪው አባ ምናሴም አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይቆጥራሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘሩ ከተገናኘ ጋብቻው ፈረሰ። አባ ምናሴ ቆጠሩ፣ ቆጠሩ፣ ምንም አላገኙም።
«እንግዲህ የሚያውቅ ካለ ይናገር፤ ከሌለ ይጋቡ» አሉ።
ደብሪቱ ተነሳች።
«እኔ አውቃለሁ። የማዘንጊያ ቅድመ አያትና የሰርፀ አባት ቅድመ አያት እህትና ወንድም ናቸው። በረሃብ ዘመን ከቆላ መጥተው ተለያይተው ቀሩ።»
«አንቺ በምን አወቅሽ?»
«ሦስተኛዋ እህታቸው የእኔ ቅድመ አያት ናት። እናቴ ልትሞት ስትል ነገረችኝ።»
«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽ?»
እዚህ ላይ ደብሪቱ አንገቷን ደፋች።
«ጥጥ ፈታይ ዘመድ አለችኝ ማለት አፍሬ ነው።»

ተመልከቱ ተንኮሏን! ኩራቷን ሰው ሁሉ ያውቃልና ሰው ሁሉ አመነ። ኩሩ ሴት በገዛ አፏ ራሷን ስታዋርድ ማን ይጠረጥራል? የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዛ ማለች። ጋብቻው ፈረሰ። ሰርፀ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ጨው አገር ወረደ። ውቢት ቤቷ ገብታ ዘጋች። ደብሪቱም ያን ቀን እንጀራው ጣማት።

በሦስተኛው ቀን ሰው መጣባት። ማዘንጊያ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ በእጇ አንድ ቅል እርጎ ይዛለች። እስከዚያ ድረስ «እሜቴ፣ እንደምን አደሩ» ነበር የምትላት። አሁን ግን፦
«እህቴ» አለቻት። «የልጄ ነገር አንጀቴን ቆርጦታል። ግን አንቺ ምን አጠፋሽ? ከኃጢአት አዳንሽን። አጥፊስ እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ስትስይ በአጥር ማዶ ሰምቼሻለሁ። እኔ ማን ነኝና እሜቴን እጠይቃለሁ ብዬ ቀረሁ። እህቴ መሆንሽን መች አወቅሁ? ይቅር በይኝ።»
ደብሪቱ እጇን ዘረጋች። እርጎውን ተቀበለች።

ከዚያም ሰው በሰው ላይ መጣ። ሰባቱ የጡት ልጆች «አክስቴ» እያሉ ገቡ። አንዱ አጥሯን አጠረላት፣ ዳምጤ የተሰበረ መጥረቢያዋን ሠራላት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ እየተባለ በየድግሱ ከማዘንጊያ ጎን አስቀመጧት። ስትስል አሥር ሰው «እግዜር ይማርሽ» ይላታል።

ታዲያ ደስ አላት? የት ተደስታ! አሁን ደግሞ በሌላ ቀናች። ማዘንጊያ ለዳምጤ ሰፋ ያለ ቁራሽ ስትቆርስለት ዓይኗ ቁራሹን ተከትሎ ይሄዳል። በሆዷም፦ «እነሱን የወደደችው በማር ነው። እኔን የወደደችኝ በሌለ የአጥንት ዝምድና ነው» ትላለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የደብሪቱ ግን እያደር ከበዳት።

ክረምቱ እንዳለፈ ውቢት መጣች። ከስታለች።
«አክስቴ፣ ልመነኩስ ነው» አለች።
«ምን?»
«ሰርፀን ካላገባሁ ሌላ አላገባም። እሑድ ፀጉሬ ይቆረጣል። ከዘመድ አንድ ሰው ወስዶ ማስረከብ አለበት። እናቴ አልችልም ብላ ወደቀች። ያለሽኝ አንቺ ነሽ።»
ከዚያም ሻሿን ፈታችና በደብሪቱ ጉልበት መሃል ቁጭ አለች።
«ጎንጉኚልኝ አክስቴ። አንድ ጉንጉን ይሁን፤ በአንዴ እንዲቆረጥ።»

ደብሪቱ የልጅ ፀጉር ጎንጉና አታውቅም። ማንስ ጭንቅላቱን ሰጥቷት ያውቃል? ጀመረች። ፀጉሩ ረጅም ነው፣ እስከ ወገብ። ጎነጎነች፣ ጎነጎነች። ብትናገር ያ ሁሉ ሰው ነገ ከደጇ ይጠፋል፤ እንደገና ብቻዋን ትስላለች። ዝም ብትል ይህ ጉንጉን ይቆረጣል። ጫፉ ላይ ደረሰች። ማሰር አቃታት።
«አሰርሽው አክስቴ?»
«አላስረውም» አለች። «ፍቺው ልጄ። ፍቺው!»

እሑድ በዚያው ደጀ ሰላም፣ በዚያው ሰው ፊት ቆመች።
«ቅድመ አያቴ እህትም ወንድምም አልነበራትም። ዋሽቻለሁ። የዋሸሁት ቀንቼ ነው። በማዘንጊያ ሰው ቀንቼ።»
ሰው ጮኸ። አባ ምናሴም በትራቸውን መቱና፦ «በሩን ይዞ በሐሰት የማለ ዓመት ሙሉ ከቅጥር ውጭ ይቁም» ብለው ፈረዱ። ይህ ሁሉ አልጎዳትም። የጎዳት ማዘንጊያ ናት። ማዘንጊያ ቀረብ ብላ አየቻትና፦
«እሜቴ» አለቻት። «ምን አድርጌዎት ነበር?»
እሜቴ! እርስዎ! ደብሪቱ ያን ጊዜ አለቀሰች፣ ልጆቼ። በቁሟ የተቀበረች ያህል አለቀሰች።

ሰርፀ ተልኮበት ከጨው አገር ተመለሰ፣ ሠርጉም ተደገሰ። ከተማው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ገባ። ደብሪቱ አንድ ማሰሮ ማር ታቅፋ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመች። ለመግባት ፈራች፣ ለመሄድ እግሯ እምቢ አለ። ዳምጤ አያትና ለማዘንጊያ ነገራት። ማዘንጊያ ነጠላዋን አደግድጋ በቁጣ እየተንቀለቀለች ወጣች።
«ልጄን ልታስመነኩሺብኝ ነበር!» አለች። «እርጎ ይዤልሽ ስመጣ ዝም ብለሽ ተቀበልሽኝ! ይቅርታ ስለምንሽ ዝም አልሽኝ! ሆድሽ ምን ዓይነት ሆድ ነው?»
«ክፉ ሆድ ነው።»
ማዘንጊያ ማሰሮውን አየች።
«ይህስ ለማን ነው?»
«ለሙሽሮቹ» አለች ደብሪቱ። ከዚያም ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ ይበቃኛል መዋሸት። ለአውራ ጣትሽ ነው ያመጣሁት።»

ከዳሱ ሰው እየወጣ ከበባቸው።
«ገና አልታረቅሁሽም» አለች ማዘንጊያ። «ግን እንዳንቺ ያለ ቀናተኛ በአጥር ቀዳዳ ከሚያየኝ፣ ቤቴ ገብቶ ዓይን ለዓይን ቢያየኝ ይሻለኛል። ተንበርከኪ።»
ደብሪቱ፣ ያቺ በቅሎ ላይ ሆና አንገቷን የማታዞር ሴት፣ በሠርገኛ ፊት አፈር ላይ ተንበረከከች። ማዘንጊያ አውራ ጣቷን ማሰሮው ውስጥ ነከረች። ጣቷ በእንዝርት የሻከረ ነው። ደብሪቱ ጠባች። ስትነሳ አፏን እንኳ አልጠረገችም።
«እማዬ» አለች፣ በአሥር ዓመት የምታንሳትን ሴት። «ስንተኛ ልጅሽ ነኝ?»
«ስምንተኛ።»
«ከቀጥቃጩ በኋላ?»
«ከቀጥቃጩ በኋላ! አሁን ግቢና ለታላቅ ወንድምሽ ጠጅ ቅጂለት።»
ገባች። እያረረች ቀዳችለት። ዳምጤም የተለበለበ ጢሙን እየዳበሰ፦
«ሙሉ አድርጊው፣ እህት ዓለም» አላት። ሞላችለት።

እኔ ተረቴን ሰጠሁ፣ እናንተ ዳቦ ስጡ። ማር ያለው ማር ይቀባልኝ፣ የሌለው ደረቁን ያጉርሰኝ። ቁራሹን ደግሞ እኩል ቁረሱት፤ የማን ተለቀ ብዬ እንዳልቀና!