ከቆጥ የወረደው ባል

ተረት አምጣ ትሉኛላችሁ። እሺ፤ ጆሮ ከእናንተ፣ አፍ ከእኔ። ብቻ የዛሬው ጅብና አህያ የለበትም። ትንንሾቹ ወደ ጨዋታችሁ ሂዱ። ልትሞሸሩ የደረሳችሁ ግን ቀረብ በሉ፤ ይህ የእናንተ ነው።

ዱሮ፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ፣ በአንድ ደጋ አገር ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ ነበረ። ጉልበቱ የበሬ ነው። እሱ ባንድ ቀን ያረሰውን ሌላው በሁለት ቀን አይጨርሰውም። ሚስቱ ይታክቱ ትባላለች። ፍንጭት ናት፤ ሳቂታ ናት።

ሲጋቡ እንደ አገሩ ልማድ ሁለቱም ተመክረው ነበር። እናቷ፣ “ባልሽ ሲጠራሽ ሂጂ፤ ሳይጠራሽ አትሂጂ” ብላታለች። አባቱ ደግሞ፣ “ጨዋ ሚስት ባሏን አትጠራም” ብሎታል። ምክሩን ይዘው ጎጆ ገቡ። ምክር ግን አንድ ነገር ነው፤ ኑሮ ሌላ ነው። ቢያድግልኝ በሙሽርነቱ ወራት ለስላሳ ባል ነበረ። እጇን ይዞ ያጫውታታል። የሠርጉን ነጭ ኩታ ለሁለት ለብሰው እሳት ዳር ይቀመጣሉ። ይታክቱም ባሏን ወደደችው። በልቧ ብቻ አይደለም፤ በገላዋም ወደደችው። እናቷ ይህን አልነገረቻትም ነበር።

ታዲያ ባንዱ ክረምት የአረም ደቦ ተጠራ። ወንዶቹ ዛፍ ሥር አረፍ ብለው ጠላ ይጠጣሉ። ጠላ ሲጠጣ ወሬ አይጠፋምና አንዱ ጎረምሳ ጠየቀ።

“ለአልጋ ነገር የማን ጉጉት ይበልጣል? የወንድ ነው የሴት?”

“የወንድ ነው እንጂ” አለ አንዱ። “ወንድ እሳት ነው።”

“የሴት ነው” አለ ሌላው። “ስለሚደብቁት ነው።”

ቢያድግልኝ ጢሙን ጠረገና ዋንጫውን አስቀመጠ። “ሴት ልጅ ይህ ነገር የላትም” አለ። “የባሏን ትቀበላለች እንጂ የራሷ የላትም። የእኔዋ ስጠራት ትመጣለች፤ ጠርታኝ ግን አታውቅም። ጨዋ ናት።”

አያ ድረስ የሚባሉ ሽማግሌ ከዳር ተቀምጠው ነበር። ሚስታቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው። “ልጄ” አሉት፣ “ጠርታኝ አታውቅም ብለህ አትኩራ። እስክትጠራህ ጸልይ።”

ወንዶቹ ሳቁ። ጎረምሳው አሁንም አላረፈም። “ብትጠራህስ?” አለው።

“ከጠራችኝማ ሌላ ወንድ አስተምሯታል ማለት ነዋ” አለ ቢያድግልኝ።

ጨዋታ ነበር። በጠላ ላይ የተነገረ ቃል ነው። ነገር ግን በወንዶች ፊት የተነገረ ቃል ይከብዳል። ቢያድግልኝ ያንን ቃል ከዶማው ጋር ተሸክሞት ቤቱ ገባ።

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ አለ። ይታክቱ እንዝርቷን አስቀመጠችና ወደ ባሏ ዞረች። “ዛሬስ ሥራ የለም” አለችው። “ወደዚህ ጠጋ በል።”

ልቡ ዘለለ፤ ሊጠጋም ፈለገ። ግን ያ የደቦ ቃል መጣበት።

“ይህን ማን አስተማረሽ?” አላት።

የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። እሷም ሳቋን ዋጠችና እንዝርቷን አነሳች።

በጋው መጣ። የዐቢይ ጾም ቅበላ ደረሰ። ባልና ሚስት በጾም አልጋ እንደሚለዩ ታውቃላችሁ፤ ቅበላ የሥጋና የቅቤ ስንብት ብቻ አይደለም። ይታክቱ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ራሷን ተቀብታ፣ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። እሳት እሳቱን እያየች፣ “ነገ ጾም ይገባል” አለችው።

“ይግባ” አላት።

“ረጅም ጾም ነው፤ ዛሬ ግን ቅበላ ነው።”

ገባው። ገብቶትም፣ “ይህን ማን አስተማረሽ?” አላት።

በዚህኛው አልሳቀችም። መሶቡን አነሳች፤ ጾሙም ገባ።

ፋሲካ መጣ። ቢያድግልኝ ከደጅ ሲገባ ይታክቱ ውሃ አሙቃ እግሩን ታጥበው ጀመር። አጥባ ስትጨርስ እግሩን አለቀቀችም። ቀና ብላ ዐይኑን አየችው፤ የነገሩንም ቅኔ ትታ በግልጽ ነገረችው። “ናፍቀኸኛል” አለችው።

አንድ ሴት ይህን ለማለት ስንት ነገር እንደምትሻገር ቢያድግልኝ አላወቀም። እሱ የቆጠረው ሦስተኛ ጊዜዋ መሆኑን ብቻ ነው። “አንድ ቤት እየኖርን ምን አናፈቀሽ? ይህን ማን አስተማረሽ?” አላት።

ይታክቱ እግሩን መሬት አኖረችው። “ማንም” አለች። ወጥታም ውሃውን ደፋች።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ጎረቤቱን ሲያይ እሱ ነው ይላል። ሸማኔውን ሲያይ እሱ ነው ይላል። የነፍስ አባቱን ሳይቀር በጎን ማየት ጀመረ፤ እግዜር ይቅር ይበለውና። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣለት። የጉልበተኛ ዘዴ እንግዲህ ታውቁታላችሁ።

“ቆላ ገበያ እወርዳለሁ፤ ሰንብቼ ነው የምመጣ” አላት። ስንቁን ያዘ፤ ዱላውን ያዘ፤ ወጣ። ከጓሮ ዞሮ አድፍጦ ቆየና እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ተመልሶ ገባ። ቆጡ ላይ፣ ከእህል ከረጢቶቹ ኋላ ተጋደመ። ያ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ሰው እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ሰፈረ።

አንድ ነገር ግን ረሳ። ውሻ ነበራቸው። ውሻው ገባና ከቆጡ ሥር ተቀመጠ። ሽቅብ እያየ ጭራውን ይቆላል።

ይታክቱ እንስራዋን አዝላ ተመለሰች። ውሻውን አየችው። ቀስ ብላ እንስራውን አወረደች። ጀርባዋን ሰጥታ ረጅም ጊዜ ቆመች። ቢያድግልኝ ከላይ ሆኖ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። “ልቧ ቸኩሎ ነው” አለ በሆዱ።

ከዚያ ቤቱን ጠረገች። ውሃ አሞቀች። ሣጥኗን ከፍታ አንድ ነገር አወጣችና ከመጋረጃው ኋላ፣ ወደ መደቡ ገባች። ድምፅዋም ተሰማ።

“ና እንግዲህ” አለች። “የቤቱ ባለቤት ገበያ ወርዷል። ናፍቀኸኛል።”

ቢያድግልኝ ከቆጥ ዘለለ። ጉልበቱ ተላጠ፤ ከረጢቱም አብሮት ወርዶ እህሉ ተበተነ። መጋረጃውን ገነጠለ። “የት አለ?” እያለ መደቡን፣ ጥጉን፣ የጎተራውን ኋላ በዱላው ወቃ። ማንም የለም። መደቡ ላይ አንድ ነጭ ኩታ ተዘርግቷል፤ እንደተኛ ሰው ርዝመቱን ተዘርግቷል። የሠርጉ ኩታ ነው።

“ይኸውልህ” አለችው ይታክቱ። “ማን አስተማረሽ ስትለኝ ከረምክ። ያስተማረኝ ይህን ለብሶ ያገባኝ ሰው ነው። ከቆጥ የወረደውን ግን አላውቀውም።”

ዱላው ከእጁ ወደቀ። ይታክቱ ኩታውን አጣጠፈች፤ ሣጥን ውስጥ ከተተች፤ ሣጥኑንም ዘጋች። “ውሃው ሳይቀዘቅዝ እግርህን ታጠብ” አለችው። አጠበችውም። እንግዳ እንደሚያጥቡ አጠበችው።

ወደ አባቷ ቤት አልሄደችም። ሽማግሌ አልተጠራም። ቤቷን ትሠራለች፤ ከጎረቤት ትስቃለች። ሲጠራት ትመጣለች፤ ሳይጠራት አትመጣም። ልክ በደቦው እንደ ፎከረው ሆነለት። ትክ ብሎ ሲያያት ዐይኗ ውስጥ ማንም የለም። ሰው የሌለበት ቤት ደጅ ቆሞ እንደ መጣራት ሆነበትና እሱም መጥራቱን ተወ።

ግን ናፈቀው። መጥራት አይደለም፤ መጠራት ናፈቀው።

ክረምት ሆነ፤ ዝናቡ አላባራ አለ። “ዛሬ ሥራ የለም” አላት።

“ጥጡ ግን አላለቀም” አለች፤ ትፈትላለች።

ቅበላ ሆነ። “ነገ ጾም ይገባል” አላት።

“አዎ፣ ሽሮው ተዘጋጅቷል” አለች።

ፋሲካ ሆነ። በዚያ አገር ወንድ የሚስቱን እግር አያጥብም። ቢያድግልኝ ግን ውሃ አሞቀ፤ ተንበርክኮ እግሯን አጠባት። አጥቦ ሲጨርስም አልለቀቀም።

“ናፍቀሽኛል” አላት። “አንቺም እንደዚያን ጊዜ በይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።”

ይታክቱ እጇን ራሱ ላይ አኖረች። ቂም አልነበራትም፤ እሱን ያቃጠለውም ይኸው ነው። “ናፍቀኸኛል ብልህ ደስ ይለኝ ነበር” አለችው። “ለእኔም ይሻለኝ ነበር። ግን ከየት ላምጣው? ያስተማረኝ ሰው ነው ያስረሳኝ።”

እሱ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ውሃው እዚያው ቀዘቀዘ።

ዘመን ሄደ። አያ ድረስ ሞቱ። ቢያድግልኝ ሸበተና ለደቦ ሲጠራ ከዳር የሚቀመጥ ሆነ። አንድ ቀን ጎረምሶቹ በጠላ ላይ ያንኑ ጥያቄ አነሱ። የማን ጉጉት ይበልጣል? የወንድ ነው የሴት? ተከራክረው ሲያበቁ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

“አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?”

ቢያድግልኝ ዋንጫውን አስቀመጠ። “የሰውን ቤት አላውቅም” አለ። “በእኔ ቤት እኩል ነበር። የእሷን እኔ ገደልኩትና የእኔ ብቻውን ቀረ።”

ማንም አልሳቀም።

ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ ዳቦውን ለራሳችሁ ያዙት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እውነት ነው። ቢያድግልኝን የበላው ግን ሌላኛው ምሳሌ ነው። የጠራቻችሁን ሴት ማን አስተማረሽ ከማለታችሁ በፊት አስቡት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።