ጆሮው የተቆረጠው ብሎን

«እጅህን ከሞተሩ ላይ አንሳ» አለ ስንሻው፣ ከጓሮው እየሮጠ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ። ታናሽ ወንድሙ እንየው ፒንሳ ይዞ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። በቀን ብርሃን ሊሰርቀው የመጣ መሰለው። እንየው የመጣው ግን እናታቸው በሞት አፋፍ ላይ ናቸው የሚል መልእክት ደርሶት ነው። ይህን እስኪናገር ድረስ ታላቅየው አንገቱን ይዞ እየነቀነቀ፣ የልጅነቱን ጥፋት ሳይቀር ሲቆጥርበት ቆየ።

በእኛ ሰፈር ሰው የበርበሬ እንስራውን ሳይቀር በቁልፍ ሲከረችም፣ ሽማግሌዎቹ አንዲት አባባል ጣል አድርገውበት ያልፋሉ። ልጆቹ ስለ ቁልፍ የተነገረች ይመስላቸዋል። አይደለችም። ስለ ብሎን ናት፤ መነሻዋም ይኸው የሁለት ወንድማማቾች ጠብ ነው። ሰው ሞቶባታልና ስትጠቅሷት ባትስቁ መልካም ነው።

የስንሻው አባት ሲሞቱ ለልጆቻቸው ሁለት የሳንቃ ጀልባና አንድ ሞተር ትተው ነበር። ጀልባውን አንድ አንድ ተካፈሉ። ሞተር ለሁለት አይሰነጠቅምና፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ጎረቤታሞች ተቀናጅተው እንደሚያርሱት፣ በሳምንት ተራ ሊሠሩበት ተስማሙ። ሞተሩን ከጀልባው ኋላ ሳንቃ ጋር አጣብቀው የሚይዙት፣ በእጅ የሚጠመዘዙ ጆሮ ያላቸው ሁለት ብሎኖች ናቸው። ተራው የደረሰ ብሎኖቹን ያላላል፣ ሞተሩን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ራሱ ጀልባ ይወስዳል። በእኛ በኩል ያን ጊዜ ሌላ ሞተር ስላልነበረ ሁለቱም ኮራ ብለው ነበር የሚሄዱት።

ታዲያ አንድ ጊዜ እንየው በወንድሙ ሳምንት ሞተሩን በማለዳ ወስዶ ሠርገኛ አመላለሰበት። ለስንሻው ሚስት ነግሬያት ነው የወሰድሁት ይላል፤ እሷም ነግሮኝ ነበር፣ ረሳሁት ብላለች። ስንሻው ግን አንዴ ቂም ከያዘ የሚለቅ ሰው አይደለም። ተራው ሲደርስ ሞተሩን ጀልባው ላይ አሰረና በብሎኖቹ ጆሮ ላይ የብረት ቱቦ ሰክቶ፣ እስኪያቃስቱ ድረስ አጠበቃቸው። ይህም አልበቃው አለ። የብረት መጋዝ ተውሶ የሁለቱንም ጆሮ ቆርጦ ሐይቁ ውስጥ ወረወረው፤ ማንም በእጁ እንዳይዛቸው። አንተስ በምን ልትፈታው ነው ሲሉት፣ ለእኔ ፒንሳ አይጠፋኝም አለ። ሰፈርተኛውም ብልሃቱን አደነቀለት። እውነቱን ለመናገር እኛ ብልሃት ስናይ ማጨብጨብ እንወዳለን፤ ማሰቡ የሚመጣው ኋላ ነው።

ከዚያ ለወንድሙ ተራውን ሳይለቅለት ክረምት ገባ። ማዕበሉ የስንሻውን ጀልባ ከድንጋይ አጋጭቶ ሆዱን ሰነጠቀው፤ ሞተሩን በኋላው እንደነከሰ ወደ ዳር ተጎትቶ ተቀመጠ። ዝናቡ ወረደበት፣ ብሎኖቹም ዛጉ።

እናታቸው እማሆይ ውባንቺ ከመነኮሱ ጀምሮ የሚኖሩት ማዶ ባለው የጸበል ደሴት ላይ ነበር። እንየው ሞተሩ ላይ በተገኘበት ቀን ጠዋት መልእክቱን ያመጡት አያ ደምለው የሚባሉ ታንኳ ቀዛፊ ሽማግሌ ናቸው። እማሆይ ያሉት ይህን ነው፦ ሁለቱም አብረው ይምጡ፤ እጄን በሁለቱም ራስ ላይ ጭኜ ካልመረቅኋቸው ነፍሴ አትወጣም። የእናት ምርቃት ሳይቀበል የቀረ ልጅ፣ ያውም የበኩር ልጅ፣ በእኛ አገር ምን ብሎ ከሰው እንደሚቀመጥ እናንተም ታውቃላችሁ።

ስንሻው ይህን ሲሰማ የወንድሙን አንገት ለቀቀ። የእሱ ጀልባ ተሰንጥቋል፤ የእንየው ደህና ነው፤ ግን ለሞተር የተሠራ ከባድ ሳንቃ ስለሆነ በቀዘፋ አይነቃነቅም። ሞተሩን ፈትቶ ወደዚያ ማዛወር ነው እንግዲህ።

አያ ደምለው ሐይቁን አዩት፤ ፀጥ ብሏል። «ልጆቼ፣ ታንኳዬ ላይ ውጡና አሁኑኑ እንሂድ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል» አሉ።

«በታንኳ ቀትር ላይ ነው የምንደርሰው። በሞተር ቁርስ ሳይበርድ እንደርሳለን» አለ ስንሻው።

እንየው ፒንሳውን ብሎኑ ላይ ነከሰና ጠመዘዘ። ፒንሳው ተንሸራተተ፤ ጆሮው ከተቆረጠበት ቦታ ላይ ብረቱን ላጠው። ስንሻው ቀማውና እሱም ላጠው። ላምባ አፈሰሱበት፣ በመዶሻ መቱት፣ እንደገና ያዙት። ብሎኑ ተላጦ ክብ ከመሆኑ በቀር ፈቀቅ አላለም። አያ ደምለው ሁለት ጊዜ እንሂድ አሏቸው፤ ስንሻው ሁለት ጊዜ ትንሽ ቀረን አለ። ምኑ እንደቀረ እሱም አያውቅ።

«አያ ስንሻው፣ የጀልባህን ሳንቃ እንቁረጠው» አለ እንየው በመጨረሻ። ስንሻው መጀመሪያ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ጀልባው የአባቱ እጅ ያረፈበት ነው። ኋላ ግን ራሱ መጋዙን አነሣ። ያን መጋዝ ሲስብ ያየ ሁሉ ፊቱን አዞረ። የጀልባው ኋላ ተገንጥሎ ወጣ፤ ሳንቃውን በሚነክሰው የሞተሩ መንጋጋ መሐል የቀረውን እንጨትም በመሮ ፈልፍለው አወጡት። ተሸክመው ወደ እንየው ጀልባ ሄዱ። መንጋጋው ግን ስንሻው ባጠበበው ልክ ቆሞ ቀርቷል፤ የእንየው ሳንቃ ደግሞ ወፈር ያለ ነው። አልጎርስ አለ።

ሳንቃውን ለማቅጠን መጥረቢያ ሲያነሡ ነፋሱ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሐይቁ እንኳን ታንኳ መርከብም የሚያሳልፍ አልነበረም። አያ ደምለውም ታንኳቸውን ወደ ደረቅ ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ወንድማማቾቹ ሳንቃ ሲጠርቡ መሸ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከደሴቱ አንድ መነኩሴ በታንኳ መጡ። ገና ከሩቅ መቋሚያቸውን እንደ መርዶ ነጋሪ አጋድመው ስላየናቸው የሚጠይቅ አልነበረም። እማሆይ ያረፉት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከቀትር ጀምሮ፣ የሞተር ድምፅ ሲመጣ ቀስቅሱኝ እያሉ ነበር አሉ መነኩሴው። ነፋሱ በቆርቆሮው ላይ ባጓራ ቁጥር ቀና ብለው፣ «መጡ?» ይሉ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ቆይተው፣ ቆይተው፣ ኋላ አጠፉት።

እንየው መሬት ላይ ተቀምጦ በነጠላው ተሸፈነ። ስንሻው ግን ቆሞ ቀረ፤ ሞተሩ እግሩ ሥር ተጋድሟል።

«እኔ ያጠበቅሁት እኮ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ብዬ ነው» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

አያ ደምለው ከታንኳቸው ውኃ እየቀዱ ያፈሱ ነበር። ቀና አላሉም። «እሱማ ልክ ነው፤ ለሰው ያጠበቁት ለራስ አይላላም» አሉ።