ከድልድዩ ላይ ሆኖ የጠየቀው ጃርት

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ። ጠንከር አድርጋችሁ በሉ፤ የዛሬው የድልድይ ተረት ነው፣ መሠረቱ ካልያዘ ሁላችንንም ይዞ ይወርዳል።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳ ሁሉ እርስ በርሱ ይነጋገር በነበረበት፣ እንጨትና ድንጋይም ሲጠየቁ ይመልሱ በነበረበት ዘመን፣ ከአንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር አንድ ጃርት ይኖር ነበር። አያ ጃርት ይሉታል። በአገሩ መጻፍ የሚችል እሱ ብቻ ነበር። ከጀርባው አንድ ወስፌ ይነቅላል፣ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ይነክራል፣ በብራና ላይ ይጽፋል። ጽሕፈቱ ያምራል። ጽሕፈቱ ስለሚያምርም የጻፈውን ሁሉ ያምኑታል። ያማረ ጽሕፈት ስንት ነገር እንደሚሸፍን ያን ጊዜ ገና አልታወቀም ነበር።

ከወንዙ ውስጥ ደግሞ እሜት እንቁራሪት ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። አያ ጃርትና እሜት እንቁራሪት አበልጆች ናቸው። ጃርቱ ገና ጎረምሳ ሳለ የሐምሌ ጎርፍ ጠርጎ ወስዶት ነበር። እሜት እንቁራሪት ከዳር ሆና፣ «በግራህ! በግራህ ነው የምልህ፣ አንተ ደንቆሮ! የዶቅማውን ሥር ያዝ!» እያለች ጮኸችለት። የዛፉን ሥር ይዞ ወጣ። በዚያው ዓመት የበኩር ልጇን ክርስትና አነሳላት።

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ፣ ውሃው ሲቀንስ፣ እሜት እንቁራሪት ልጆቿን ይዛ ጭቃው ውስጥ ትገባለች። ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ተኝታ ትከርማለች። ከመግባቷ በፊት ሁልጊዜ አበልጇን ታስጠራውና አደራ ትለዋለች።

«አበልጄ፣ እኛ በበጋ እንደ ሞተ ነን። የሚመጣብንን አናይም፣ የሚጠራንን አንሰማም። አንድ ነገር ከላያችን ቢመጣ ውረድና ጭቃውን በእግርህ ሦስት ጊዜ ምታልኝ። ያን ጊዜ እነቃለሁ።»

«ሳልቀሰቅስሽ ብቀር ወስፌዬ ይርገፍ!» ይላታል።

«ይርገፍ ብለሃል እንግዲህ!» ትለውና ትስቃለች። እየሳቀችም ትገባለች።

በወንዙ ላይ አሮጌ የእንጨት ድልድይ ነበር። አንድ በጋ፣ በጥር ወር፣ አህያ እህል ተሸክማ ስትሻገር ሳንቃው ተሰበረና እግሯ ገባ። እያነከሰች ከሸንጎ ቀረበች። የሸንጎው ዳኛ አባ ጉሬዛ ነበር፤ ነጭ ካባውን ደርቦ ከዶቅማው ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል።

«አባቴ፣ ዛሬ የእኔ እግር ነው፤ ነገ የማን እንደሚሆን እንጃ» አለች አህያ።

«እውነቷን ነው! አዲስ ድልድይ ይሠራ! የድንጋይ ድልድይ!» አለ ሸንጎው በአንድ ድምፅ። እውነትም እውነቷን ነበር።

አባ ጉሬዛም፣ «ይሠራ» አለ። «ግን ሕጋችንን ታውቃላችሁ። ወንዝ የሚነካ ሥራ ሲታሰብ አንድ ጠያቂ ሦስት ጊዜ ይወርዳል። አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት፣ አንዴ በጥቢ። እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ማን ይኖራል? ምን ያጣል? የት ይሂድ? መልሱ ሳይመጣ ድንጋይ አይነሳም። ጠያቂውም አያ ጃርት ይሁን።»

የሸንጎው ዓይን ሁሉ ወደ ጃርቱ ዞረ። ጃርቱ ደረቱን ነፋ።

እሜት ጦጢት ግን ከላይ ሆና ሳቀች። «አያ ጃርት ደግሞ ምን መውረድ ያስፈልገዋል! ዘመዶቹ አይደሉ እንዴ? የጭቃ አበልጅ!»

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። «የጭቃ አበልጅ! የጭቃ አበልጅ!»

አያ ጃርት አፈረ። ሐፍረቱ ከአፍንጫው ተነስቶ እስከ ወስፌዎቹ ጫፍ ደረሰ። «የማን አበልጅ?» አለ። «እኔ ጭቃ ውስጥ የማውቀው የለኝም።»

ከአፉ ሲወጣ ቀላል ነበር። በማይታፈርበት አፈረ፤ ጥፋቱም የተጀመረው እዚህ ጋ ነው።

«ሦስቱ ወቅት እስኪያልቅ እኔ በምን እግሬ ልሻገር?» አለች አህያ።

«አይዞሽ፣ ቶሎ እጨርሰዋለሁ» አላት ጃርቱ።

በማግስቱ ጠዋት ብራናውን ይዞ ከአሮጌው ድልድይ ላይ ቆመ። ወደ ታች አየ። ውሃው ቀጥኖ ክር አክሏል፤ ግራና ቀኙ ጭቃ ነው። ጭቃ ወስፌ መካከል ከገባ ሳምንት አይለቅም። እሜት ጦጢትም ከዛፍ ላይ ሆና ታያለች።

ከዚያው ከላይ ሆኖ፣ «እዚህ ማን ይኖራል?» ብሎ ተጣራ።

መልስ የለም።

አሮጌው ድልድይ ሲጢጥ አለ። «አያ ጃርት፣ እኔ ፈራሽ ነኝ፤ ስለ እኔ አታስብ። ዕድሜዬን ሙሉ ስረገጥ ኖሬያለሁ፣ ማገዶ ብሆን አይከፋኝም። አንተ ግን ውረድ። ከላይ ሆኖ የጠየቀ አልጠየቀም።»

«ጉልበቴን ያመኛል» አለ ጃርቱ። ደግሞም ተጣራ፣ «ምን ያጣል?»

መልስ የለም።

ከዳር የቆመው ደረቅ ቄጠማ ተንሿሿ። «አያ ጃርት፣ ውረድ። የተኛን ከሩቅ ቢጠሩት አይሰማም። ወርደህ ጭቃውን ርገጠው።»

«ፀሐይ ሳይበረታ ልጨርስ እንጂ» አለ ጃርቱ። ደግሞም ተጣራ፣ «የት ይሂድ?»

መልስ የለም።

አሮጌው ዶቅማ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ልጄ፣ ሥሬን የያዝክ ቀን ጉልበትህን አላመመህም ነበር። ውረድ።»

አያ ጃርት ወደ ታች አየ፤ ወደ ላይ አየ። ከላይ እሜት ጦጢት ጥርሷን አሳየችው። ብራናውን ዘረጋ፣ አንድ ወስፌም ነቀለ።

ወስፌው፣ «ጌታዬ፣ ምን ልጻፍ?» አለው።

«ማንም የለም በል።»

«ማንም የለም ልበል፣ ወይስ ማንንም አላየሁም?»

«ሁለቱም ያው ነው።»

«ለሚያነበው ያው ይሆናል፤ ለሚኖርበት ግን ያው አይደለም።»

«አንተ ወስፌ ነህ! ጻፍ ስልህ ጻፍ!»

ወስፌው ጻፈ። ምን ያድርግ፣ እጅ ከያዘው! «በበጋ ወርጄ ጠየቅሁ፤ ማንም የለም። በክረምት ወርጄ ጠየቅሁ፤ ማንም የለም። በጥቢ ወርጄ ጠየቅሁ፤ ማንም የለም።» የበጋው ቀለም ሳይደርቅ ክረምቱ ተጻፈ፤ የክረምቱ ሳይደርቅ ጥቢው ተጻፈ።

አባ ጉሬዛ ብራናውን ተቀብሎ አገላበጠ። ወሩ ገና ጥር ነበር። ክረምቱ መቼ መጥቶ መቼ ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም። አባ ጉሬዛ አህያዋን አየ፤ እግሯ አብጧል። ሸንጎውን አየ፤ ሸንጎው ቸኩሏል። «ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል!» አለና አጸደቀው።

ዝሆን ድንጋይ ተሸከመ፣ ዝንጀሮ ደረደረ፣ ምስጥ አቦካ። ጎርፍ መሠረቱን እንዳይበላው ብለው የወንዙን አልጋ ከዳር እስከ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉበት። ግንቦት ሳይወጣ አለቀ። አህያ እያነከሰች ተሻገረች፣ ሁሉም እልል አለ። አያ ጃርትን ካባ አልብሰው ከአባ ጉሬዛ ቀኝ አስቀመጡት። በላ፣ ጠጣ። አደራው አንዴ ትዝ አለው፤ «ክረምት ሲመጣ ራሷ ትነቃለች» ብሎ አንድ ጉርሻ ጎረሰበት።

ሰኔ መጣ። ዝናብ ጣለ።

በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ወንዙ በእንቁራሪት ዝማሬ ይናወጥ ነበር። ዘንድሮ ጭጭ አለ። «ምን ነካቸው?» አለች አህያ። አያ ጃርት ካባውን እንደ ለበሰ ወደ አዲሱ ድልድይ ሄደና ጆሮውን አዘነበለ። ከታች፣ ከድንጋዩ ሥር፣ አንድ ነገር ይሰማል።

ጥ። ጥ። ጥ።

ሦስት ጊዜ። ዝም ይልና ደግሞ፣ ጥ፣ ጥ፣ ጥ። እሱ ከላይ ሊመታላት የማለላትን እሷ ከታች ትመታለች።

አያ ጃርት ካባውን ጣለ። ጥር ላይ ያመመው ጉልበት አሁን አላመመውም፤ ዘሎ ጭቃው ውስጥ ገባና ድንጋዩን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

«እዩት የጭቃውን አበልጅ!» አለች እሜት ጦጢት። አልሰማትም።

አንደኛውን ቀን ሙሉ ቆፈረ፤ ድንጋይ ብቻ አገኘ። ሁለተኛውን ቀን ቆፈረ፤ አንድ ድንጋይ ነቅሎ ከሥሩ ትንንሽ እንቁራሪቶች አገኘ፤ ደርቀው ቅጠል መስለዋል። ቆጠራቸው፤ ሰባት ናቸው። ከመካከላቸው ትልቁ የክርስትና ልጁ ነበር። ሦስተኛውን ቀን ጥፍሮቹ ተሰብረው ደሙ ከጎርፉ ጋር እየተቀላቀለ ቆፈረ። ረፋዱ ላይ ሌላ ድንጋይ ተነቀለ፣ እሜት እንቁራሪትም ቆዳዋ ከአጥንቷ ተጣብቆ ሁለት ልጆች አቅፋ ወጣች። ዘጠኝ ይዛ ነበር የገባችው።

እንስሳቱ ሁሉ ድልድዩ ላይ ተሰብስበው ያያሉ።

እሜት እንቁራሪት ብርሃኑ ዓይኗን ወጋትና አርገበገበችው። «አበልጄ! አንተ ነህ? አውቄ ነበር እኮ! ልጆቹ ሲያለቅሱ፣ ‹ዝም በሉ፣ አበልጄ ይመጣል፣ እሱ አደራ በልቶ አያውቅም› ስላቸው ነበር።» ወደ ድልድዩም ቀና ብላ ጮኸች። «እዩልኝ፣ ጥፍሩ እስኪረግፍ ቆፍሮ አወጣን! እንዲህ ያለ አበልጅ ማን አለው?»

አባ ጉሬዛ ፊቱን አዞረ። እሜት ጦጢት ያን ቀን አልሳቀችም። ሁሉም ብራናውን ያውቁታልና።

አያ ጃርት ምስጋናውን ሊቀበል አፉን ከፈተ። ቢቀበለው የሚያሳጣው አልነበረም። ግን የወጣው ሌላ ቃል ነው።

«አበልጄ፣ ድንጋዩን ያስነጠፍኩብሽ እኔ ነኝ። ማንም የለም ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ወረድኩ ብዬ ጻፍኩ፤ አንድም ጊዜ አልወረድኩም።»

«ስለምን?»

«አፈርኩብሽ።»

እሜት እንቁራሪት ሰባቱን ልጆቿን አየች፤ ድልድዩን አየች፤ ደግሞ እሱን አየች።

«ብትቀሰቅሰኝ ድልድዩን ከልክዬ የማስቀር መስሎህ ነበር?» አለች በመጨረሻ። «የአህያን እግር ይኸው እኔም አያለሁ። ከዚህ አሥር እርምጃ ከፍ ብሎ አለት አለ። ማንም አይኖርበትም፣ መሠረትም ይይዛል። እዚያ ሥሩት እላችሁ ነበር። ይኸው ነው። ሌላ የምለው አልነበረኝም።»

«አሥር እርምጃ?» አለች አህያ ከድልድዩ ላይ። «አሥር እርምጃ እኮ በዚህ እግሬም እሄደው ነበር!» አለችና አቀረቀረች።

እሜት እንቁራሪት ሁለቱን ልጆቿን በጀርባዋ አዝላ ውሃውን ተከትላ ወረደች። አልረገመችውም። ብትረግመው ይቀለው ነበር።

ያን ጊዜ ከአያ ጃርት ጀርባ አንድ ወስፌ ረገፈ። አንድ እርምጃ ሲሄድ ሌላ ረገፈ። ማንም ሳይረግመው፣ በገዛ አፉ የማለው መሐላ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጃርት በቀን ፊቱን አያሳይም። በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ወስፌው ረግፎ ታገኙታላችሁ። መሬት ሲቆፍር የሚያድረው የሚበላ አጥቶ ይመስላችኋል፤ የተኛ ቀርቶ እንደሆነ እየፈለገ ነው። ሲራመድ ወስፌዎቹ ይንኳኳሉ፤ እየቀሰቀሰ ነው፤ ዘግይቶ። ድልድዩ ግን አለ፤ ጠንካራ ነው፤ ሁላችንም ተሻግረንበታል። ብራናውም ከሸንጎው ሣጥን ውስጥ አለ፤ ጽሕፈቱ ዛሬም ያምራል።

በማያሳፍር ያፈረ፣ የሚያሳፍር ይሠራል።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ባታብሱልኝም አልቀየማችሁም፤ ብቻ ከመጻፋችሁ በፊት ወርዳችሁ እግራችሁን አርጥቡ።