በቦቴው ሆድ ውስጥ የተሰቀለው ጎማ

አንድ ውሃ በቦቴ የሚያመላልስ ታረቀኝ የሚባል ሾፌር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከትንሽ ልጁ ከእናኑ ጋር ቀርቷል። ልጅቱ እናቷን ባነሳች ቁጥር ታለቅሳለች፤ እሱም ሆዱ እየባባ «በቃ! እንባ የሞተ አይመልስም» ይላታል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ አብሯት እንዳይፈርስ ፈርቶ ነው። እሷም ማልቀሱን ተወች። ግን እህሉንም ጨዋታውንም አብራ ተወችው። አክስቷ «ልጅቱ ዓይንህ እያየ ልታልቅ ነው፤ እሁድ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለችው።

በዚያው ሰሞን ቦቴውም አስቸገረው። ግማሹን ውሃ አንዱ መንደር አራግፎ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር የቀረው ውሃ ከኋላ ተንደርድሮ መኪናውን ወደ ገደሉ ይገፋዋል። ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ በያጅ በታንከሩ ውስጥ የብረት ግድግዳ አቆሙለት። ብረቱ ጥቂት ሰነበተና ከነብየዳው ተገነጠለ። በያጁም ብረቱን አውጥተው ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ መጋረጃ ሰቀሉበት።

«ጋሼ፣ ይቀልዳሉ እንዴ? ብረት ያላቆመውን ውሃ ጎማ ሊያቆመው?»

«ማን አቁመው አለው? እኔም መጀመሪያ ላቁመው ብዬ ነው የተሳሳትኩት» አሉ እየሳቁ። «ውሃው ሲመጣበት እሺ ብሎ ይታጠፍለታል፤ እየታጠፈም ጉልበቱን ይወስድበታል። እስቲ ንዳውና ከዚያ ትሰድበኛለህ።»

ታረቀኝ ቁልቁለቱን ወረደ። ፍሬን ያዘ። ውሃው መጣ፤ ግን ደክሞ መጣ። መኪናው ቀስ ብሎ ቆመለት። ያኔ ልጁን «በቃ!» ያለበት ቀን ሁሉ ትዝ አለው።

ቤት ሲገባ እናኑ ጥጓን ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቁጭ አለ። «የእናትሽ ሳቅ ናፈቀኝ» አላት፤ ሳይጨርሰው እንባው ቀደመው።

ልጅቱ ደንግጣ አየችው። «አባዬ፣ አንተም ታለቅሳለህ?»

«መቼ ትቼ የኔ እናት፤ ደብቄሽ ነው እንጂ።»

እቅፉ ውስጥ ገብታ ተንሰቀሰቀች። አላስቆማትም፤ አብሯት አለቀሰ። ሲወጣላት ቀና ብላ «አባዬ፣ ራበኝ» አለችው።

እሁድ አክስቷ ስትመጣ አባትና ልጅ ከአንድ ትሪ ሲጎራረሱ አገኘቻቸውና ብቻዋን ተመለሰች።

ወዳጄ፣ ሐዘን ግትር ሆኖ የቆመበትን ይሰብራል፤ አብሮት ጎንበስ ላለለት ግን ይበርዳል። ለመሆኑ የምንወደው ሰው ሲያለቅስ «በቃ» የምንለው ለእሱ አዝነን ነው ወይስ ለራሳችን ፈርተን?